የእርማት ቀን

ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም። ስሙን ያወጣላት ከጎኗ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነው። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር ቢሄድ ልኩን አራት ጊዜ ደጋግማ ወሰደችና «ግራ እግርህ ከቀኙ በሁለት ሚሊሜትር ያጥራል» ብላ አሰናበተችው። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ የሚያነክስ እየመሰለው ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጠፈባት። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ስሙን አልጠላችውም።

ሱቋ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒው መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የካርቶን ልኮች አሉ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ በቀረው ጊዜ የወፈረውን ሰው ልብስ ትለቃለች፣ የከሳውን ትሰበስባለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሥራውን ያስተማራት፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ እጁ ላይ የወደቀችበት አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አይቆጣም፣ አይሳደብም። የተንሻፈፈ ስፌት ሲያይ ግን ልብሱን ያነሳና ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርትሮ እጇ ላይ ያስቀምጥላታል። «ድገሚው» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። እሷም ከስፌቱ ጋር ዝምታውን ወረሰች።

ባሏ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላት ታመመና ሳምንት እንኳ ሳይተኛ ሞተ። እናትና ልጅ ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቀሩ። ልጅቷን «ሚጡ» ትላታለች። ሚጡ በስፌት መኪናው ድምፅ እንቅልፍ እየወሰዳት፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት እያለበሰች አደገች። ትምህርቷ ላይ ጎበዝ ነበረች። ሚሊሜትር የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ነርስ ሆና፣ ነጭ ጋውን ለብሳ ማየት። ጋውኑንም ማንም ሌላ ሰው እንዲሰፋው አትፈቅድም፤ ጨርቁን አስቀድማ ገዝታ ሳጥን ውስጥ አኑራዋለች።

ሚጡን ግን የለከፋት ሌላ ነገር ነው። በወጣት ማዕከሉ ውስጥ አንድ የቲያትር ቡድን አለ፤ ነፍሷ እዚያ ነው። እናቷ «ያ ጭፈራችሁ» ትለዋለች። ጭፈራ እንደሌለበት መቶ ጊዜ ተነግሯታል፤ መቶ ጊዜም ረስታዋለች።

የነርስነት ማሠልጠኛው የመግቢያ ፈተና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በዚያው ጠዋት ቡድኑ አዲስ አባላት ይመርጥ ነበር። ሚጡ እርሳስና ላጲስ ይዛ፣ እናቷ ግንባሯን ስማት ወጣች፤ የሄደችው ግን ወደ ወጣት ማዕከሉ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቀሚስ ልትወስድ የመጣች አንዲት ደንበኛ፣ «ልጄ ያንቺዋን ፈተናው ላይ አላየኋትም አለችኝ፤ አሟት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሚሊሜትር ቀሚሱን አጥፋ ሰጠቻት። ሱቁን ዘጋች፤ ወደ ኋላ ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ከቀትር በኋላ ሚጡ መጣች። ጎረቤቱ በየመስኮቱ እያየ አንኳኳች፣ ተጣራች። በሩ አልተከፈተም። ልጅቷ ዞራ ወደ አክስቷ ቤት ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ይኸው አምስት ወር ሆነ።

«ጥሪያት» ትላታለች ሚሊሜትርን፣ ሚጡን ያስጠጋችው እህቷ በመጣች ቁጥር።

«እግር የላትም? ትምጣ።»

«እሷም እንደዚሁ ናት። 'አፍ የላትም? ትጥራኝ' ትላለች። ምን ይሻላል እናንተን! ከአንድ ጣቃ የተቆረጣችሁ!»

ሚሊሜትር ልጇን ትፈልጋለች። ግን «ነዪ» የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃታት። የተበላሸ ስፌት ተርትሮ መድገም ታውቃለች፤ የዚህኛው ክር ግን ከየት እንደሚያዝ ጠፋባት።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ሰው ፌስታል ይዞ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የቲያትር ቡድኑ አሠልጣኝ መሆኑን ሲነግራት እግሯ መርገጫው ላይ ደርቆ ቀረ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቀደም ብዬ መጥቼ ማመስገን ነበረብኝ» አለ። «ያን ዕለት በሩን ባይከፍቱላት ኖሮ ሚጡንም አናገኛት፣ ቲያትሩም አይኖረን።»

«የቱን በር?»

አሠልጣኙ ትሕትና መሰለው፤ ፈገግ አለ። «ግድ የለም፣ ነግራናለች። ፈተናውን ትታ መጥታ ደጅ ቆማ ስታለቅስ፣ ከፍተው አቅፈው እንዳስገቧት። የመድረኩን ቀሚስም እንደሰፉላት። አሁን እንኳ ለልምምዱ እንዲቀርባት ብለው አክስቷ ዘንድ እንድትቀመጥ ፈቀዱላት። ስንት ወላጅ አለ እንደዚህ የሚያደርግ?»

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማስረዳቱን ቀጠለ። እነሱ ዘንድ ደራሲ የሚባል የለም። እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ የደረሰ አንድ ነገር ያመጣል፤ ተነጋግረው፣ ሞክረው፣ አፍርሰው እንደገና ገንብተው አንድ ቲያትር ያደርጉታል። ሕጋቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንም ራሱን ሆኖ አይጫወትም። ሁለተኛ፣ የሆነ ነገር እንጂ ያልሆነ አይገባም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ «አባቴ እየገረፈ አሳደገኝ» ብሎ ፈጥሮ አመጣ፤ ቲያትሩ ለሕዝብ ታየ፤ ምስኪኑ አባት በመንገድ ላይ እየተሰደበ ሰፈር እስከ መቀየር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ፈጥሮ ያመጣ ከመድረክ ይወርዳል። ለሕዝብ ከመታየቱ ሳምንት ቀደም ብሎም የእርማት ቀን አለ። የሚጠሩት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ታሪክ ሲያልቅ የዚያ ቤት ሰው ተነስቶ ልክ ይሁን አይሁን ይናገራል፤ «ይህ አልሆነም» ያለው ነገር ይወጣል።

«ሚጡ የምትጫወተው እርስዎን ነው» አለ አሠልጣኙ። ከዚያ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «ይኸው ቀሚሱ። ዚፑ ለቀቀብን። የእርስዎ እጅ ያረፈበት ስለሆነ ሌላ ሰው እንዳይነካው ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ «እኔ አልሰፋሁትም» ማለት ነበረባት። አፏንም ከፍታ ነበር።

«ለመቼ ይድረስ?» አለች።

ሁለት ሚሊሜትር አታልላ የማታውቅ ሴት፣ ይህን የሚያህል ውሸት በዝምታ ተቀበለች።

ሰውየው እንደወጣ ቀሚሱን ዘረጋችው። ማን እንደሰፋው ለማወቅ አፍታም አልፈጀባትም። ሁሉም በእጅ የተሰፋ ነው። ብብቱ ተኮማትሯል፣ የግራው እጅጌ ዞሯል፣ ዚፑ ከመጀመሪያውም ወልጋዳ ነው፣ ገበሩ ከወገቡ ላይ ተቀዷል። ልኩ ግን የራሷ የሚሊሜትር ልክ ነው። ሥራ ላይ የምትለብሰው ቀሚስ ቁርጥ እሱ ነው፤ ሜትሯን የምትከትበት የጎን ኪስ ሳይቀር አለው። ልጅቷ ከቤት ርቃ፣ ማንንም ሳትለካ፣ የእናቷን ትከሻ ከነስፋቱ አስታውሳ ቆርጣዋለች። ሚሊሜትር ቀሚሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አለቀሰች። በመሃል ደንበኛ ገባ፤ «የጨርቅ ብናኝ ዓይኔ ገብቶ ነው» አለችው። ሰውየውም የደንበኛ ወግ ነውና አመናት።

ከዚያ ቀሚሱን ሙሉ በሙሉ ተረተረችው። ለገበሩ የሚሆን ጨርቅ ስታጣ ሳጥኑን ከፈተች፤ ለጋውን ያስቀመጠችውን ነጩን ጨርቅ አወጣች። መቀሱን አሳረፈችበትና ቆረጠችው። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካችም።

እየሰፋች ታስባለች። የእርማት ቀን ዝም ብትል ልጅቷ ከመድረክ አትወርድም፤ እሷም የደግ እናት ስም ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያ ስም ግን የሷ አይደለም። በዚያ ውሸት ላይ ቆመው እንዴት እንደገና እናትና ልጅ ይሆናሉ? እውነቱን ብትናገር ደግሞ በልጅቷ ላይ ሁለተኛ በር ይዘጋል፤ አሁንም የሚዘጋው በእናቷ እጅ ነው። ልቧ ለሁለት ተከፍሎባት፣ ቀኑ እስኪደርስ እህል በቅጡ አልቀመሰችም።

የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ የስብሰባ ቤት ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከፊት ከጣውላ የተሠራ ዝቅ ያለ መድረክ አለ። መሃል ላይ አንድ በር ቆሟል። ቤት የለውም፣ ግድግዳ የለውም፤ ከኮምፖርሳቶ የተሠራ በር ከነመቃኑና ከነመቀርቀሪያው ብቻውን ገትር ብሎ ቆሟል። ሚሊሜትር ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የቀረበው የአንድ ልጅ አያት ታሪክ ነበር፤ ጠፋ ስለተባለ ሬዲዮ ነው። ሲያልቅ አሠልጣኙ ወጥቶ «የዚህ ቤት ሰው፣ ያልሆነ ነገር አለ?» ሲል አያትየው ብድግ አሉ።

«ሬዲዮው ጥቁር አልነበረም፤ ሰማያዊ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ደግሞ እኔ እንደዚህ አላስልም።» ወዲያው ሳል ያዛቸው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ ግን ሳይስቅ «ሰማያዊ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ቀጥሎ ሚጡ ወጣች።

ሚሊሜትር ልጇን ካየች አምስት ወሯ ነው። ከስታለች። የሰፋችላት ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ልክ ቁጭ ብሏል፤ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። እናቷ እንደምትራመደው ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣችና ከማይታይ ደንበኛ ጋር ስለ ሱሪ ተከራከረች። ሰው ሳቀ። «ድገሚው» አለች ለራሷ፤ ድምፁ የእናቷ ድምፅ ነበር። የሚሊሜትር እህት በክርኗ ጎሸመቻት። ሚሊሜትር ግን መሳቅም ማፈርም አቃታት።

ከዚያ እንጨት የመሰለች ቀጭን ልጅ፣ ጓደኞቿ «ጭራሮ» የሚሏት፣ ሚጡን ሆና ከበሩ ውጪ ቆመችና አንኳኳች። መድረክ ላይ ያለችው እናት ወዲያው ከስፌት መኪናዋ ተነሳች። በሩን በርግዳ ከፈተች። ልጅቷን አቀፈቻት። «ፈተና ይደገማል፤ አንቺን ግን ከየት አመጣሻለሁ? የፈለግሽውን ሁኚ ልጄ፤ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ» እያለች ረጅም ንግግር ተናገረች። ወላጆች እንባቸውን ጠረጉ። ሚሊሜትር ከወንበሯ ሥር መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስታዋ ነበር።

«የዚህ ቤት ሰው» አለ አሠልጣኙ፣ ወደሷ እያየ። «ያልሆነ ነገር አለ?»

ሚጡ ዞረች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልጅቷ ጭንቅላቷን በጥቂቱ፣ ሌላ ሰው በማያስተውለው መጠን ነቀነቀች፦ ተዪው፣ አትናገሪ።

ሚሊሜትር ተነሳች። የፊተኛውን ወንበር ያዘች።

«በሩን አልከፈትኩም» አለች።

ወላጆቹ ሁሉ ወደሷ ዞሩ።

«ልብሱንም የሰፋችው እሷው ናት። እኔ አሁን ነው ያስተካከልኩት። ያን ዕለት መጥታ አንኳኳች፣ ጠራችኝ፤ አልከፈትኩላትም። አክስቷ ጋ ያለችውም ስላባረርኳት ነው።» ወደ አሠልጣኙ ዞረች። «ሕጋችሁን አውቃለሁ። ግን እባካችሁ ልጄን ከመድረክ አታውርዱብኝ። የኔን ጉድ ስትሸፍን ነው የዋሸችው።»

ሚጡ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «መጀመሪያ እንደሆነው ልሠራው ሞክሬ ነበር» አለች ከእጆቿ ሥር። «እማዬን ሆኜ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። እጄ እየተነሳ ይከፍተዋል። ከዚያ እንደዚያ ነው የሆነው አልኳችሁ።»

አሠልጣኙ ደብተሩን አንዴ ከፈተ፣ አንዴ ዘጋ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ አሁን ሕጉ ራሱ አንቆ ያዘው። ያገላገለችው ጭራሮ ናት።

«ጋሼ፣ ውሸቱም እውነቱም የመጣው ከአንድ ቤት ነው» አለች። «የእርማት ቀን ለምን ሆነና?»

ከወላጆቹ መሃል «እውነቷን ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። አሠልጣኙ ትንሽ አሰበና እስክሪብቶውን አወጣ። «ይታረማል» አለ። «እትዬ፣ እንግዲህ እርስዎ ይንገሩን። ሚጡ ስታንኳኳ መኪናው ላይ ተቀምጠው ነበር?»

«አልተቀመጥኩም።»

«የት ነበሩ ታዲያ?»

ሚሊሜትር በወንበሮቹ መሃል አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች። በሩን ዘጋችና ቀረቀረችው። ተጠጋች። ቀኝ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች፤ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

«እንደዚህ» አለች። «ከመጣሽ ጀምሮ እስክትሄጂ ድረስ እንደዚህ ነው የቆምኩት።»

ሚጡ እጆቿን ከፊቷ ላይ አወረደች። «እዚያው ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«ጫማሽ ደጅ ስለነበር ቤት እንዳለሽ አውቄያለሁ። ግን ድምፅሽ የለም። ጭራሽ ልትሰሚኝ እንኳ አልፈለግሽም ብዬ...» ልጅቷ ወደ በሩ ተጠጋች። «ሦስቴ አንኳኩቼ እኮ ነበር።»

«ቆጥሬያለሁ» አለች እናቷ። «አራተኛውን ስጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብትደግሚው እከፍታለሁ ብዬ። ንዴቴ አልበረደም፤ እጄ ግን መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ሄድሽ። ስትሄጂ ሰማሁ፤ ያኔም አልከፈትኩም። ይቅር በዪኝ ልጄ።»

ሬዲዮ የጠፋባቸው አያት እንኳ ሳላቸውን ይዘው ነበር።

ቲያትሩ ለሕዝብ በታየ ጊዜ በዚህ ቦታ ላይ በሩ አይከፈትም። ሚጡ እናቷን ሆና፣ ግንባሯን አስደግፋ ትቆማለች፤ ከውጪ ያለችው አንኳኩታ ትሄዳለች፤ መብራት ይጠፋል። ተመልካቹ «ምን ዓይነት እናት ናት!» እያለ እየተንሾካሾከ ይወጣል፤ ሚሊሜትርም ከመሃላቸው ተቀምጣ ትሰማለች። የተባለውን ሁሉ ትቀበላለች፤ ልኩ ነውና። በእርማቱ ቀን ከይቅርታው ቀጥሎ የሆነው ግን ለሕዝብ አልታየም።

አሠልጣኙ «አንዴ እንሞክረው» ሲል ሚጡ ከበሩ ጀርባ ገብታ እናቷ እንዳሳየቻት ቆመች። ጭራሮ ወደ ውጪው በኩል ልትዞር ስትል ሚሊሜትር ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

«አንቺ ቆይ። እኔ ላንኳኳ።»

ዞራ ከበሩ ፊት ቆመች። በዚህ በኩል ኮምፖርሳቶው ቀለም አልተቀባም። ወዲያ ማዶ ልጇ እንዳለች ታውቃለች፤ አሁን በዓይኗ አይታታለች። ግን ከዚህ ሆኖ ሲያዩት ከጀርባው ሰው ያለ አይመስልም። ትንፋሽ አይሰማም፣ ጥላ አይታይም። ልጇ በዚያ ቀን የቆመችው እዚህ ቦታ ላይ መሆኑ አሁን ገና ገባት።

አንኳኳች። ጠበቀች። አንኳኳች። እጇ ከበደ። ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኳች፤ ምንም የለም። አሠልጣኙ «እዚህ ላይ ይሄዳሉ» አለ በዝግታ።

አልሄደችም። እጇን እንደገና አነሳችና ለአራተኛ ጊዜ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አልሆነም» አለች ጭራሮ በሹክሹክታ።

«ዝም በዪ» አላት።

መቀርቀሪያው ተንቀጫቀጨ፤ ተሳበ። ሚጡ በሩን ከፍታ ቆመች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ግቢ፣ እማዬ» አለቻት።